ከሽንቁሩ ድንጋይ ሥር የቆመው ሰው

ሽንፋ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ውድ ማተቤ፣

የዛሬውን ጠዋት አስቀድሜ ላውራህ፣ ያለዚያ ሌላው አይወጣልኝም። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ግምጃ ቤቱን ከፍቼ የትራክተር ፊልትሮ እየቆጠርሁ ነው፣ አሥራ አንድ ላይ ደርሻለሁ። ወደ ገለጉ የሚያልፈው ሎሪ ቆም አለ፣ ሹፌሩ በመስኮት አንድ ፖስታ ወረወረና ሄደ። አይናዲስ አነሣችው። ትልቋ ልጄ፣ ታስታውሳት እንደሆነ፣ ካሜራውን ዓይንህ ላይ ስታደርግ «ያኛውን ዓይንህን ለምን ጨፈንኸው?» ብላ የጠየቀችህ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ዛሬ አሥራ አንድ ሞልቷታል። ጽሑፍ ካየች ሳታነብ አታልፍም። እዚያው መንገድ ላይ ቀደደችው፣ ከዚያ እያለከለከች መጣች።

«አባ፣ ይኸ ከድንጋዩ ሥር የቆመው አንተ ነህ?»

ተቀብዬ አየሁት። እኔ ነኝ። ያ ካኪ ሸሚዜ፣ ያ በገመድ ያንጠለጠልሁት ኮዳ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ለሰልፍ እንደ ቆመ ተማሪ ጎኔ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከላዬ ሽንቁሩ ድንጋይ ጎብጦ፣ በቀዳዳው ሰማዩ ይታያል። እኔ ከሥሩ አንድ ፍሬ ማሽላ አክላለሁ።

«አልሄድሁም ብለህ ነበር እኮ» አለች አይናዲስ። «እኔ ለልጆቹ ሁሉ አባቴ ያን ሰውዬ አያውቀውም ብያለሁ።»

ትምህርት ቤት ረፍዶብሻል ብዬ ሰደድኋት። ፊልትሮውንም ስንት እንደ ሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

በፎቶው ጀርባ የእጅህ ጽሑፍ አለ፦ «የቁመት መለኪያ፣ ውባንተ፣ 1 ሜትር ከ72። ጥር 14 ቀን 1972።» ከእሱ ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ አለ፤ በመሥሪያ ቤትህ አብረውህ ይሠሩ የነበሩ ወይዘሮ ሽታዬ ናቸው የጻፉት፣ ፎቶውን ቢሮ ከተውኸው ወረቀት መካከል አግኝተውት። ከነገሩኝ ሦስቱን እንዳለ ልጻፍልህ። አንደኛ፣ ከፈቱህ በኋላ ሥራህን እንዳልመለሱልህ፣ ደብረ ታቦር እናትህ ቤት ገብተህ ፍርድ ቤት በር ላይ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍህ እንደምትኖር። ሁለተኛ፣ ጉልበትህ ቁልቁለት መውረድ እንደማይችል። ሦስተኛ፣ የሥራ መመለስ ጥያቄህን ግንቦት 10 ቀን ኮሚቴ እንደሚያየው፤ በዶሴህ ውስጥ ግን «አብሮኝ ሰው ነበር ብሎ ሰው ማቅረብ ያልቻለ» የሚል ቃል ተጽፎ እንዳለና ያ ቃል እስካለ ድረስ መልሱ ያው እንደሚሆን። ከታች እንዲህ ብለዋል፤ «በፎቶው ላይ ያለው ሰው በሕይወት ካለ፣ አብሬው ነበርሁ ብሎ በእጁ ይጻፍ። መጻፍ ካልፈለገም ፎቶውን ለማስታወሻ ያስቀረው።»

ለማስታወሻ። ይችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኋት አትጠይቀኝ።

ማተቤ፣ እኔ አንድን ነገር ከመጀመሪያው ካልያዝሁት አይገባኝም፣ ታውቀኛለህ። ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ቢሆን እጽፈዋለሁ።

የመጣኸው የጥምቀት ሰሞን ነው። ይኸ ቆላ ፓርክ ይሁን አይሁን እየተጠና ነው አልኸኝ፤ አውሬውን ሌላ ሰው ይቆጥራል፣ የአንተ ድርሻ ገደሉንና ድንጋዩን ፎቶ ማንሣት ነው። ግምጃ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠህ በዚህ አገር ከሰሊጥና ከማሽላ ሌላ ምን የሚታይ ነገር አለ ብለህ ጠየቅኸኝ። ዝም ብል ኖሮ አንድ ሁለት ገደል አንሥተህ በሎሪህ ትመለስ ነበር። አላስቻለኝም። ከዓመት በፊት ከነጋዴው ከሼህ ኸሊፋ ጋር የጠፋ ግመላቸውን ስንፈልግ ያየሁትን ነገርሁህ፤ ውሃ የሰነጠቀው ገደል መጨረሻ ላይ ሰማይ የሚያሳይ ቀዳዳ ድንጋይ አለ፣ የአገሩ ሰው ሽንቁሩ ይለዋል አልሁህ። አንተ ስኒህን አስቀምጠህ ተነሣህ። «ቅስት ነው» አልህ፣ እንደ ሰው ስም ጠርተኸው። «ነገ እንሄዳለን።»

እኔ ደግሞ ማታውን ዝርዝር ጻፍሁ። ውሃ ሁለት ጀሪካን፣ በሶ አራት ኪሎ፣ ቴምር፣ ጨው፣ ሃያ ሜትር ገመድ፣ ክብሪት ሦስት፣ የቁስል ፋሻ፣ ትርፍ የጫማ ክር፣ የትርፉም ትርፍ። ጠዋት አህያው ላይ ስጭን ቆመህ አየኸኝና ሳቅህ። ውባንተ፣ አንተ የምትሄድ ድንጋይ ልታይ ሳይሆን ልትዘምት ነው አልኸኝ። ሼህ ኸሊፋም ቀበል አድርገው፣ «ተወው፣ ይኸ ሰው ጀነት ቢገባም በሩ ላይ ቆሞ ዕቃ ያስፈርማል» አሉ። እሳቸው አህያቸውንም ራሳቸውንም ያለ ኪራይ ነው የሰጡን፤ ያን መንገድ እንደ ቤታቸው ጓሮ ያውቁታል፣ ከድንበሩ ማዶ ጨውና ጨርቅ ሲያመላልሱ ያረጁበት ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ በኾሩ ውስጥ ሄድን። ደረቅ ወንዝ ነው ብለህ እንዳትንቀው ብዬህ ነበር፤ አሸዋው ጫማ ይበላል፣ ግድግዳው ከግራም ከቀኝም እየቀረበ ይመጣል፣ ቀትር ላይ ድንጋዩ እንደ ምድጃ ይተነፍሳል። ከላይ በጠርዙ የዕጣን ዛፎች ቅርፊታቸው እንደ ወረቀት እየተላጠ ቆመዋል። እኔ እግሬ ሥር ነበር የማየው፣ እባብ አለ፣ ጉድጓድ አለ። አንተ ደግሞ ሽቅብ እያየህ ትሄዳለህ፣ ሦስቴ ወደቅህ፣ ሦስቴም ካሜራውን አቅፈህ በጀርባህ ወደቅህ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይና ቢጫ መስመር በጣትህ እየተከተልህ፣ ይኸ አንዱ ጎርፍ ነው፣ ይኸ ሌላው ነው፣ መጽሐፍ ማለት ነው ትለኛለህ። እኔ ገጹን አልቆጠርሁም። ውሃው እያለቀ መሆኑን ነበር የምቆጥረው። አሁን ይቆጨኛል። ያን ገደል እኔ በጀሪካን ነው የለካሁት።

ሦስተኛው ቀን ማለዳ ደረስን። ፀሐይ ገና ግድግዳውን አልነካችም። አንተ ያን ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ተክለህ ተቀመጥህና መጠበቅ ጀመርህ። አንድ ሰዓት ጠበቅህ። ሼህ ኸሊፋ፣ ድንጋዩ አይሸሽም፣ ምን ትጠብቃለህ አሉህ፤ ብርሃኑን አልሃቸው። ከዚያ ብርሃኑ መጣ። ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ሲወርድ ድንጋዩ የበሰለ ማንጎ መሰለ። አንዴ ጠቅ፣ ሁለቴ ጠቅ፣ ከዚያ ቆምህ። አይሆንም አልህ። ሰው ከሌለበት ስንት እንደሚያህል ማን ያውቃል፣ አዲስ አበባ ያሉት ጠጠር ይመስላቸዋል፣ ሰው ይቁምበት፣ በእሱ ቁመት ይለካል አልህ።

ሼህ ኸሊፋን ነበር መጀመሪያ የለመንኸው። እምቢ አሉ። በእኛ አገር ሰው ቁመቱን የሚለካ ለመቃብር ነው፣ በቁሙ የተለካ ደግሞ መቃብሩን ጠራ ማለት ነው፣ እኔ ገና የምድረው ልጅ አለኝ አሉህ። እኔም ይኸን እምነት ትንሽ ትንሽ እፈራዋለሁ። ግን ተማርሁ የምል ሰው ነኝ፣ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ በአንተ ፊት አፈርሁ። ቁመቴን ነግሬህ ሄጄ ቆምሁ። ከላይ ያለው ድንጋይ እንዳይወርድብኝ አንገቴን ቀበርሁ።

«ቀና በል» ብለህ ጮኽህ ከወዲያ። «ሺህ ዓመት ያልወደቀ፣ ዛሬ ውባንተን አየሁ ብሎ አይወድቅም።»

ቀና አልሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ትልቅ ሆኜ አላውቅም፣ ያን ያህል አንሼ እየታየሁ።

ስንመለስ፣ መንገዱ ከሚከፈልበት ግራር ሥር ተቀምጠን የመጨረሻዋን ውሃ ተከፋፈልን። እዚያ የተናገርኸውን አልረሳሁም። የዚህ አገር ነገር አይታወቅም፣ ካሜራ የያዘ ሰው ወሬ አያጣውም፣ ብንጠየቅ ሁላችንም አንድ ቃል ነን፤ ድንጋይ ልናነሣ ሄድን፣ ድንጋይ አንሥተን መጣን አልህ። እኔ፣ ሌላ ምን ቃል አለን ብዬ መለስሁልህ። አንተ ወረቀትህን ማኅተም ለማስመታት በኬላው በኩል ሄድህ። እኔ ልጆቼ ናፍቀውኝ በአቋራጭ ወደ ቤቴ። ሼህ ኸሊፋ አህያቸውን ይዘው ወደ ማዶ።

ኬላው ላይ ያዙህ። ወረቀትህ የሌላ ወረዳ ስም ነው ያለበት፣ በካሜራው ውስጥ ያለው ገደል ደግሞ ሰው ወደ ሱዳን የሚሾልክበት ነው ተባለ።

በማግሥቱ ጣቢያ ተጠራሁ። የሚመረምረው ጓድ ፈንቴ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእሱ አሳብብ ነበር። ወንበር ሰጠኝ። ያንተን ቃል ነገረኝ፤ የግምጃ ቤቱ ውባንተ አብሮኝ ነበር ብሏል አለ። ከዚያ ነገሩን እንደ ወዳጅ አስረዳኝ። እንዲህ ያለ ጉዳይ እዚህ አገር የሚያልቀው በሰው ነው፤ የሚታወቅ፣ ደመወዝተኛ፣ ቤት ያለው ሰው «አብሬው ነበርሁ፣ ያነሣው ድንጋይ ነው፣ ለእሱ ዋስ ነኝ» ብሎ ከፈረመ ነገ ጠዋት በሎሪ ይሸኛል። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ «ብቻ ዋስ የሆነ ሰው ስሙ ዋስ ከሆነለት ሰው ጋር ዶሴ ውስጥ ይገባል፣ ይኸን እንድታውቅ ነው» አለ።

እስክሪብቶውን አየሁት። ከጎኑ ካሜራህ ነበር፣ ማንገቻው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔም በልቤ ዝርዝሬን ጀመርሁ። አይናዲስ፣ ከእሷ በታች ሦስት። መንበረ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር። የመንግሥት ቤት፣ ካባረሩኝ በሳምንት የሚለቀቅ። በደጋ ያለች እናቴ። አንድ በአንድ ሄድሁበት፣ ማተቤ፣ አንተ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባህም። የረሳሁህ አይደለም። እንዳትገባ አድርጌ ነው የጻፍሁት።

«ስንቅ አዘጋጅቼለታለሁ» አልሁ። «አልሄድሁም።»

ጓድ ፈንቴ እስክሪብቶውን ወደ ራሱ መለሰ። ከዚያ አንተን አስጠራ። ገባህ። ከንፈርህ ደርቋል፣ የኾሩ አሸዋ ገና ጫማህ ላይ አለ። ያው አሸዋ የእኔም ጫማ ላይ ነበር፤ እግሬን ከወንበሩ ሥር ሳብሁ። እሱም ወደ እኔ እያመለከተ፣ አብሮኝ ነበር ያልኸው ሰው ይኸ ነው ወይ፣ እሱ አልሄድሁም ይላል አለህ።

አየኸኝ። ብዙ አላየኸኝም፣ አንዴ ብቻ።

«አይደለም» አልህ። «ተሳስቻለሁ። ስሙን ነው ያሳሳትሁት። ይኸን ሰው አላውቀውም።»

ከዚያ ሰባት ወር።

ሼህ ኸሊፋ ከማዶ የተመለሱት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሲሰሙ በቀጥታ ጣቢያ ሄዱ፤ እኔ መርቼዋለሁ፣ ድንጋይ ነው ያነሣው ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ድንበር የሚመላለስ ነጋዴ ቃል አይያዝም ተባሉ፣ አንተንም ቀድሞ ወደ ጎንደር ወስደውሃል። ከዚያ ቤቴ መጡ። ይግቡ እንጂ አልኋቸው። አልገቡም፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንተ አለህ ብዬ ነው የተሻገርሁት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን በእጃቸው ይመልሳሉ፣ በአፋቸው አይመልሱም።

እኔም ለሁለት ዓመት ራሴን ስገስጽም ሳጽናናም ኖርሁ። ማጽናኛዬ ምን ነበር መሰለህ? ያን ቀን አንተ ራስህ ነህ አላውቀውም ያልኸው፣ ሁለታችንም ክደናል፣ እኩል ነን እል ነበር። ሰው ልቡን ማታለል ከፈለገ የማያመጣው ነገር የለም። ዛሬ ጠዋት ይኸ ፎቶ ሲመጣ ነው ያ ያለቀ። እዚያ ቢሮ ስንቆም ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ነበር ማተቤ። ፊልሙ አልወጣም። እኔ ከእሱ ውስጥ ቆሜ ነበር፣ በካኪ ሸሚዜ፣ ኮዳዬን አንጠልጥዬ፣ እጄን ጎኔ ላይ ለጥፌ። አንተ ይኸን ታውቅ ነበር። «ፊልሙን አሳጥቡት፣ ውስጡ አለ» ብትል በቂ ነበር። ውሸቴ በሳምንት ይጋለጣል፣ አንተ ትወጣለህ፣ እኔ እገባለሁ። ወይዘሮ ሽታዬ እንደሚሉት ፊልሙ የታጠበው በሰባተኛው ወር ነው፣ ያውም መርማሪው ተለውጦ አዲሱ ዶሴ ሲያገላብጥ ስላገኘው። አይቶ ድንጋይ ብቻ ነው ብሎ ፈታህ። ሰውየው ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ሰባት ወር ሙሉ፣ በየምርመራው፣ ያችን አንዲት ቃል በአፍህ ይዘህ ዋልህ። የትርፍ ትርፍ የጫማ ክር የሚይዝ ፈሪ መሆኔን አይተሃል። አራት ልጅ እንዳለኝ አይተሃል። ለእኔ ስትል መሆኑን ሳስብ እንዲያው ረስተኸው ቢሆን በወደድሁ። ግን አልረሳኸውም፣ ቁመቴን በእጅህ ጽፈኸዋል። ያን የጻፍኸው ከእስር ከወጣህ በኋላ መሆን አለበት፤ ካሜራው ከተያዘ ጀምሮ ፎቶው እጅህ አልገባም ነበርና። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስሜን «የቁመት መለኪያ» ብለህ ጻፍኸው፣ ሌላ ክፉ ቃል ሳትጨምር።

ፎቶውን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። መንበረ በሶ እየበጠበጠች ነበር። አሳየኋት፣ የወይዘሮ ሽታዬንም ደብዳቤ አነበብሁላት። ከዚያ አፌ እንደ ለመደው፣ ብጽፍ ሐሰተኛ ቃል ሰጥተሃል ይሉኛል፣ ሥራዬም ይሄዳል፣ አሁን ደግሞ ልጆቹ አምስት ሆነዋል፣ እያልሁ መቁጠር ጀመርሁ። አላስጨረሰችኝም። እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«ያን ጊዜ እኔን አላማከርኸኝም» አለች። «በልጆቼ ስም ፈርተህ መጣህ። በልጆቼ ስም ሁለተኛ እንዳትፈራ። ከፈራህ በራስህ ስም ፍራ።»

ተቀምጬ ጻፍሁ። ሦስት ቅጂ። ከጥር 12 እስከ 16 አብሬው ነበርሁ፣ ያነሣው ገደልና ድንጋይ ነው፣ በፎቶው ላይ የቆምሁት እኔ ነኝ፣ ጣቢያ ቀርቤ አልሄድሁም ያልሁት ውሸት ነው፣ የዋሸሁትም ፈርቼ ነው። ይኸው ነው፣ ግማሽ ገጽ አልሞላም። ሁለት ዓመት የከበደኝ ነገር ሲጻፍ ግማሽ ገጽ መሆኑ ገረመኝ።

ማኅተም ለማስመታት ሄድሁ። በጓድ ፈንቴ ቦታ ያለው አዲስ ልጅ ነው፣ ከጎጃም የመጣ። አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ሰውየው ተፈቷል አይደል፣ ማንም ያልጠየቀህን ምን ቀሰቀሰህ፣ ይኸን ብመታልህ አንዱ ቅጂ ለአለቃህ ይሄዳል፣ ያን ታውቃለህ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልሁት። መታልኝ። አንዱን ቅጂ ከገለጉ ሲመለስ በነበረው በዚያው ሎሪ ለወይዘሮ ሽታዬ ላክሁ፤ ከግንቦት 10 በፊት ይደርሳል ብሎ ሹፌሩ ምሎልኛል። አንዱ ጣቢያው ቀርቷል። አንዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኘዋለህ። አለቃዬ ምን እንደሚለኝ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አውቃለሁ፣ አሁን ስጽፍልህም በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና እላለሁ።

አይናዲስ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፎቶውን ሰጠኋት። ሄጄ ነበር፣ ዋሽቼ ነው አልኋት። ለልጆቹ ምን ልበላቸው አለችኝ፤ እውነቱን በያቸው አልኋት። ከዚያ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችና፣ «ሰውየው ግን የት አለ?» ብላ ጠየቀች። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ፎቶው ላይ አይታይም አልኋት።

ይቅርታ አድርግልኝ ለማለት ይኸን ሁሉ የጻፍሁ እንዳይመስልህ። ይቅርታ ብልህ አንተ እሺ ትላለህ፣ ሰውነትህን አውቀዋለሁ፣ ያ ደግሞ ሌላ ስጦታ ይሆንብኛል። መልስ ባትጽፍልኝም አልቀየምም። ለእናትህ ስሜን ሳትነግር ሰላም በልልኝ።

የጻፍሁት ወረቀት ሥራህን ይመልስልህ ይሆናል። ጉልበትህን አይመልስም። የታሰርህበትን ሰባት ወር ግን እስከ ዛሬ አልከፈልሁም።

ውባንተ